ጡሩምባው ሲነፋ የገባው ኳስ

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው ስድስት ሰዎች ነን። ስም አልጠራም። አንዳንዶቹ ሞተዋል፤ በሕይወት ያሉትም እንድጽፍ አልፈቀዱልኝም። ማን ማን እንደነበርን ግን በየተራ ልናገር።

አንደኛው እኔ ነኝ፤ ጎባ ውስጥ የወፍጮ ቤት ኃላፊ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ የልጆች ቅርጫት ኳስ ዳኛ። ሁለተኛው የበኩር ልጄ ነው፤ ያን ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ነበር፣ የጎባ ልጆች ቡድን አምበል። ሦስተኛው ከሲናና ገጠር ወጥቶ ሮቤ ዘመድ ቤት ተቀምጦ የሚማር፣ ለሮቤ የሚጫወት ቀጭን ልጅ። አራተኛው የዚያ ልጅ አባት፣ ገብስና ስንዴ የሚያርስ ገበሬ። አምስተኛው የከተማችን ፖሊስ ሻምበል። ስድስተኛው ወጣቱ የስፖርት አስተማሪ፣ በጨዋታ ጊዜ ሰዓት የሚይዝልኝ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ዘንድ ነው። ከዚያ ወዲያ አስተማሪ አልነበረኝም። እንግሊዝኛን ከናፍጣ በርሜልና ከሞተሩ መመሪያ ላይ ለቅሜ ተማርኩ። ቅርጫት ኳስንም ያወቅሁት እንደዚሁ ከዳር ቆሜ ነው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ያስተምር የነበረ አንድ ፈረንጅ በቀጥቃጭ ሁለት የብረት ቀለበት አሠርቶ፣ በባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ሰቅሎ ልጆቹን ያጫውት ነበር። እኔ ወፍጮውን ዘግቼ ስመለስ አጥሩ ላይ ተደግፌ አያለሁ። ኳስ ይዞ የሚራመድ ልጅ ካየሁ ዝም ማለት አልችልም፤ እጮሃለሁ። ፈረንጁ አገሩ ሊገባ ሲል ፊሽካውንና የሕጉን መጽሐፍ ይዞ ወፍጮ ቤት መጣ።

«ከውጭ ሆነህ ከምትጮህ ገብተህ ጩህ» አለኝ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው።

አንድ ክረምት ሙሉ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ መጽሐፉን ጨረስኩት። ሜዳ ስገባ ግን የተማርኩት ሁሉ ጠፋኝ። የፊሽካዬ ድምፅ የታፈነ ነበር። ልጆቹም ወዲያው ይከቡኛል።

«ጋሼ፣ አልነካሁትም!»

«ውሸታም! ጋሼ፣ ክንዴን ይዩት፣ ቀልቷል!»

«እሱ ከቤቱ ቀልቶ ነው የመጣው!»

እኔም እንደ ሽማግሌ የሁሉንም ቃል እሰማ ነበር። አንተ ምን ትላለህ፣ አንተስ፣ ማን አየ። ለአንድ ጥፋት እርቅ የተቀመጥን ይመስል ነበር። ጨዋታው ሳያልቅ ይመሻል። ልጄ አንድ ቀን እራት ላይ አንገቱን ደፍቶ «አባባ፣ ልጆቹ እርስዎ ሲዳኙ ቢከራከሩ እንደሚረቱ ያውቃሉ» አለኝ። ቆጣ አልኩ እንጂ እውነቱን ነበር።

መተማመንን ያገኘሁት ከመጽሐፉ አይደለም፤ ከወፍጮው ነው። ሞተር በሚጮህበት ቤት ሰውና ሰው አይደማመጥም። እጄን ከፍ ካደረግሁ እህል ማፍሰስ ይቆማል፤ ዝቅ ካደረግሁ ይቀጥላል። እጄን በግማሽ አንሥቼ ብዋልል ግን አንዱ ያፈስሳል፣ ሌላው ይዘጋል፣ ድንጋዩ ወይ ይታፈናል ወይ ባዶውን ይፋጫል። ለካ ሜዳውም ያው ነው። ይህ ከገባኝ ቀን ጀምሮ አጭርና ጠንካራ ነፋሁ። እጄን እስከ ላይ አነሣሁ፤ ጥፋቱ የተሠራበትን ቦታ እንጂ የተመልካቹን ፊት አላይም። ምክንያት የሚጠይቀኝን ልጅ ጨዋታው ሲያልቅ ና እለዋለሁ። ብዙዎቹ አይመጡም።

ለወጣት ዳኛ የምመክረው ይህንኑ ነው። ልጅ የሚፈራው የተሳሳተ ዳኛን አይደለም፤ የሚዋልል ዳኛን ነው። በእርግጠኝነት የተፈረደበት ልጅ ተናድዶ ይጫወታል፤ በመዋለል የተፈረደበት ግን መጫወቱን ትቶ አንተን ይመለከታል። ነገር ግን መተማመን ዋጋ አለው፤ አፍህ የተናገረውን ነገር እስከ መጨረሻው መሸከም ግድ ነው። እኔ ይህን ሁለተኛውን ክፍል ዘግይቼ ነው ያወቅሁት።

አንድ ችግር ቀርቶ ነበር። ሜዳችን ከዋናው መንገድ ጋር ይዋሰናል። የትራፊክ ፖሊስ ይነፋል፣ ባለጋሪው ለፈረሱ ያፏጫል፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሰዓት ሲደርስ ይነፋል። ልጆቹ በተነፋ ቁጥር ኳሱን ይዘው ቀጥ ይላሉ። «ማን ነፋ?» እየተባባሉ ጨዋታው ይበላሻል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት ሁለቱንም ቡድን አሰልፌ እንዲህ እላቸው ጀመር፤

«ከእኔ ፊሽካ በቀር የሚያቆማችሁ ነገር የለም። እናታችሁ ብትጠራ፣ በሬ ሜዳ ቢገባ፣ ሰማይ ቢደረመስ፣ እኔ ካልነፋሁ ኳሱ በጨዋታ ላይ ነው። ሰማችሁ?»

«ሰምተናል!»

«ምን አልኩ?»

እስኪመልሱልኝ ድረስ ጨዋታ አላስጀምርም ነበር።

በዚያ ዓመት መጨረሻ ላይ የጎባና የሮቤ ልጆች ለሽልማት ተገናኙ። ሽልማቱ ነጋዴዎች አዋጥተው ከአዲስ አበባ ያስመጡት የቆዳ ኳስ ነበር። ጎባ ያለው ኳስ ውስጡ ተተክቶ፣ ቆዳው ተሰፍቶ እንደ ድንች ተጣሟል፤ ሮቤዎችማ የሚጫወቱት በእግር ኳስ ነበር። ኳሱን የሚሰጠው ሻምበሉ ነው። ከባለቤቱ ጋር ወንበር ተደርጎለት ከሜዳው ጫፍ ተቀምጧል።

የሮቤ ልጆች በእህል ጭነት መኪና ነበር የሚመጡት። መኪናው ጭቃ ያዘውና ዘገዩ። ቅርብ አገር ነው ብለን የናቅነው መንገድ ግማሹን ቀን በላው። ሲደርሱ ከላይ ከሳነቴ ተራራ ጉም ወርዶ የከተማውን ላይኛውን ግማሽ ሸፍኖታል።

የስፖርት አስተማሪው ሰዓቱን አይቶ ወደ እኔ ተጠጋ። «ጋሼ፣ ባንዲራ ሳይወርድ እንጨርሳለን?»

«እንጨርሳለን» አልኩት፤ ያለ ጥርጥር። ባይሆንም ሊወርድ ሲል አስቀድሜ ፊሽካ ነፍቼ ጨዋታውን እንደማቆም በልቤ ይዤ ነበር።

ዛሬ ላሉ አንባቢዎች ልንገር። በንጉሡ ዘመን ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን በግዛቱ ጽሕፈት ቤት ግቢ ጡሩምባ ተነፍቶ ሰንደቅ ዓላማ ይወርዳል። ድምፁ የደረሰው ሰው ሁሉ ካለበት አይነቃነቅም። ባለጋሪው ይወርዳል፣ ባርኔጣ ያደረገ ያወልቃል፣ ሥጋ የሚቆርጠው ቢላዋውን ያስቀምጣል። የከተማ ልጅ ይህን ከእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ነው የሚማረው። ያልቆመ ሰው ይያዛል። በዚያን ጊዜ ደግሞ በባላገሩ የነበረው የመሬትና የግብር ግጭት ገና አልበረደም ነበርና፣ ያልቆመው ሰው ከገጠር የመጣ ከሆነ ጥያቄው ከባንዲራ አልፎ ወደ ሌላ ይሄዳል።

ሁለቱን ቡድን አሰለፍኩ። ከሮቤዎቹ መካከል አማርኛ የሚከብዳቸው ስለነበሩ በኦሮምኛም ደገምኩላቸው። የሲናናው ልጅ ዓይኑን አፌ ላይ ተክሎ ይሰማ ነበር።

«ጋሼ፣ ዝናብ ቢመጣስ?» አለ።

«ዝናብም ቢመጣ።»

ጓደኞቹ ሳቁበት። እሱ አልሳቀም፤ ራሱን ነቀነቀ።

ይህ ልጅ ለምን ነፍሱን ሰጥቶ እንደሚጫወት ሁሉም ያውቅ ነበር። የሮቤ ትምህርት ቤት ከስምንተኛ ክፍል በላይ የለውም፤ ከዚያ በኋላ ያለው አንድ በር የጎባ ሁለተኛ ደረጃ ነው። ለመስከረም ቦታ አግኝቷል። አባቱ እንዲማር የፈቀደለት ከወንድሞቹ መካከል እሱን ብቻ ነው።

ጨዋታው ጥሩ ነበር። ስለ ራሴ ለመመስከር ካልተከለከልኩ፣ እንደዚያ ቀን ደህና አድርጌ ዳኝቼ አላውቅም። ልጄ ላይ ሁለት ጥፋት ነፋሁ፤ ሁለቱም ትክክል ነበሩ። የጎባ ተመልካች «ባለወፍጮው፣ ዱቄት ዓይንህ ገብቷል!» እያለ ይጮህብኛል፤ አልዞርም። መጨረሻው ሲቃረብ ጎባ በአንድ ነጥብ ይመራል። ኳሱ በሲናናው ልጅ እጅ ነው። ከፊቱ እጆቹን ዘርግቶ የቆመው ልጄ ነው። ጉሙ ሜዳው ድረስ ወርዷል፤ የባንዲራው ምሰሶ አይታይም። ሊወርድ ሲል አየዋለሁ ያልኩት ለዚህ ነው ያመለጠኝ።

ጡሩምባው ተነፋ።

ሁሉም ቆመ። የልጄ እጆች ወደ ጎኑ ወረዱ። የጎባ ልጆች፣ የቀሩት የሮቤ ልጆች፣ ተመልካቹ፣ በመንገዱ ላይ ያለው ጋሪ፣ ሁሉም። ሻምበሉ ከወንበሩ ተነሥቶ እጁን ለሰላምታ አነሣ። እኔም ቆምኩ። ፊሽካው በጥርሴ መካከል ነው፤ መንፋት ግን አልቻልኩም። ባንዲራ ሲወርድ ፊሽካ መንፋት ማን ይደፍራል?

የሲናናው ልጅ አፌን አየኝ። ፊሽካውን አየ፤ ድምፅ እንደሌለው አየ። ዝናብም ቢመጣ ብዬዋለሁ። ኳሱን አንድ ጊዜ አነጠረ፤ ከጡሩምባው ሌላ በዚያ ሁሉ ከተማ የተሰማው ድምፅ ያ ብቻ ነበር። በልጄ አጠገብ አለፈ። ልጄ በዓይኑ ብቻ ተከተለው። ልጁ ዘልሎ ኳሱን ቀለበቱ ውስጥ ጣለ። ኳሱ መሬት ወርዶ እየተንከባለለ ሄደና የሻምበሉ ጫማ ጋ ሲደርስ ቆመ። ሻምበሉ እጁ ግንባሩ ላይ ስለሆነ ሊገፋውም አልቻለም።

ልጁ ያን ጊዜ ነው ዞር ብሎ ያየው። ማንም እያሳደደው አልነበረም። ባለበት ቀጥ ብሎ ቆመ።

ጡሩምባው እስኪያበቃ ድረስ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ እኔ ግን ብዙ አሰብኩበት። ኳሱን ብሽረው ጨዋታው ቆሞ ነበር ማለቴ ነው። ጨዋታው ቆሞ ከነበረ ደግሞ ይህ ልጅ ባንዲራ ሲወርድ ያለ ምንም ምክንያት የሮጠ ሰው ነው፤ ምስክሩም እኔ ነኝ። ባጸድቀው ግን ጨዋታው አልቆመም፣ ያላቆምኩትም እኔ ነኝ ማለቴ ነው። ያን ጊዜ ተጠያቂው ሌላ ሰው አይሆንም። ጎባ እንዲያሸንፍ፣ ልጄ ያንን ኳስ ተሸክሞ ቤት እንዲገባ እፈልግ ነበር። ይህን ካልጻፍኩ የቀረውን መጻፍ ከንቱ ነው።

ጡሩምባው ዝም አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አስተማሪው በእጁ ሰዓቱ ማለቁን አሳየኝ።

እጄን እስከ ላይ አነሣሁ፤ ሁለት ጣቴን ዘርግቼ ወደ ታች አወረድኩ። ገብቷል። ከዚያ የመጨረሻውን ፊሽካ ነፋሁ።

የመጣውን ጩኸት መግለጽ አልችልም። «ለሮቤ ተሸጠ!» «ወፍጮህን ሂድ አዙር!» «የራስህን ልጅ ነው የበላኸው!» አንዱ ጭቃ ወረወረ። ሻምበሉ ኳሱን በእግሩ ወደ ጎን ገፍቶ ወደ ሜዳው ሲገባ ግን ሁሉም ፀጥ አለ።

«ይህ ልጅ ባንዲራ ሲወርድ ሮጧል» አለኝ።

«ሮጧል፣ ጌታዬ። ጨዋታው አልቆመም ነበር።»

«አልቆመም ያለው ማነው?»

«እኔ። ፊሽካው በእኔ አፍ ነው። ካልነፋሁ አትቁሙ ብዬ ያስማልኳቸውም እኔ ነኝ።»

«አንተ ከባንዲራ በላይ ነህ?»

«አይደለሁም። አስቀድሜ ማቆም ነበረብኝ፤ አላቆምኩም። ጥፋቱ የዳኛው ነው።»

ሻምበሉ ልጁን አየው፤ ልጁ መሬት መሬት ያያል። «ለመስከረም እዚህ ሊገባ ነው ይሉኛል። እኔ አይገባም ካልኩ አይገባም» አለ። ከዚያ በጣቱ ወደ ልጄ አመለከተ። «ሌሎቹ ሁሉ ቆመዋል። ያንተ ልጅ ቆሟል። ለሱም አትቁም ብለኸው የለም እንዴ? እሱ ነው ያጠፋው ወይስ ይሄ?»

ወጥመድ ነበር፤ አወቅሁት። ልጄ አላጠፋም ብል የሲናናው ልጅ ጥፋተኛ ነው። እጄን በግማሽ አንሥቼ መዋለል አልቻልኩም። ሰው ሁሉ እየሰማ እንዲህ አልኩ፤

«ልጄ ለባንዲራው ትክክል አደረገ። ለጨዋታው ግን አጠፋ፤ ኳሱን ትቶ ቆመ።»

ልጄ ቀና ብሎ አየኝ። የሰማው የኋለኛውን ብቻ እንደሆነ ከፊቱ አወቅሁ።

ሻምበሉ ወደ ተመልካቹ ዞር ብሎ አየ። መጥፎ ሰው አልነበረም፤ ግን ያን ሁሉ ሰው ፊት ባዶ እጁን ሊመለስ አይችልም። እጁን ዘረጋ። ፊሽካውን ከአንገቴ አውልቄ ሰጠሁት። ሰኞ ፖሊስ ጣቢያ ጠርቶ ዳግመኛ ዳኛ ሆኜ ሜዳ እንዳልገባ አስፈረመኝ። ከአሥር ሰዓት በኋላና ቅዳሜ ከሰዓትም በዚያ ሜዳ ጨዋታ ተከለከለ፤ ትምህርት የሚለቀቀው በዚያው ሰዓት ነበርና ክልከላው ሜዳውን መዝጋት ማለት ነበር። በልጁ ላይ ግን ምንም አልተጻፈም። የቆዳውን ኳስ የሮቤ ልጆች በዚያው ጭነት መኪና ይዘው ሄዱ። ሲሄዱ አልዘፈኑም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በገበያ ቀን አንድ ገበሬ ፈረሱን ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ አሰረ። «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ ሰጠኝና ማንነቱን ነገረኝ። የሲናናው ልጅ አባት ነው። ገብስ የሞላ ከረጢት አውርዶ እግሬ ሥር አስቀመጠ።

«ይህ ምንድነው?» አልኩት።

«ለእርስዎ ነው። ልጄን አተረፉልኝ።»

«ዳኛ ስጦታ አይቀበልም። ባልፈርድለት ኖሮ ታመጣልኝ ነበር?»

አነጋገሬ ሻካራ ነበር። ሰውዬው አልተቀየመም፤ ጢሙን እየዳበሰ አሰበበት።

«ወላሂ፣ ያን ጊዜማ ሁለት ከረጢት አመጣ ነበር» አለ። «አንዱን ለእርስዎ፣ አንዱን ለሻምበሉ።»

ወፍጮ ቤት ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ከረጢቱን ወደ ፈረሱ መለስኩለት። እሱም መልሶ አወረደውና «እንግዲያው ይፍጩልኝ፤ እንደ ማንም ከፍዬ» አለ። ተራውን ጠብቆ አስፈጨ፣ እንደ ማንም ከፈለ፣ «ገለቶማ» ብሎ አመስግኖኝ ሄደ። እስኪሞት ድረስ ሮቤ ወፍጮ እያለ እህሉን ወደ እኔ ያመጣ ነበር። ስለዚያ ቀን ደግመን አላወራንም።

ልጄ ከዚያ ወዲያ ኳስ አልነካም። አልለመንኩትም። ስህተቱን በአደባባይ የነገሩት ልጅ ይጠነክራል ብዬ አምን ነበር፤ ዛሬም ግማሹን አምናለሁ። በእረፍት ጊዜው ወፍጮ ቤት መጥቶ ያግዘኛል፣ የታዘዘውን ይሠራል፣ አይናገርም።

አንድ ማታ እህል በዝቶብን አመሸን። ሞተሩ እየጮኸ ስለነበር ጡሩምባው አልተሰማንም። በበሩ በኩል ግን በመንገዱ ላይ ሰዎች ቀጥ ብለው መቆማቸውን አየሁ። እኔም ቆምኩ። ልጄ ከረጢት ተሸክሞ ነበር። በበሩ ወደ ውጭ አየ፣ ሰዎቹን አየ፣ እኔንም አየ። ከዚያ ከረጢቱን ማፍሰሻው ላይ ገልብጦ ማፍሰሱን ቀጠለ።

ሰዎቹ መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ወደ እሱ ሄድኩ። ሞተሩ ስለሚጮህ ጆሮው ሥር መጠጋት ነበረብኝ።

«ለምን አልቆምክም?»

«እርስዎ አልነፉማ፣ አባባ» አለኝ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን በጥፊ እመታው ነበር። እጄን እስከ ደረቴ አነሣሁና እዚያው ቀረ። ግማሽ ድረስ ማለት ነው፤ በሜዳም በወፍጮም ያልፈቀድኩትን። ማፍሰሻው ጋ የቆመው ሠራተኛዬ ምልክት የሰጠሁት መስሎት ዘጋው፤ ድንጋዩ ባዶውን ተፋጨ። ልጄ ድምፁን ሲሰማ ሮጦ ሞተሩን አጠፋው። በድንገት ፀጥ ባለው ቤት ውስጥ ተያየን። ለጨዋታው አጥፍተሃል ያልኩት ለምን እንደሆነ ልነግረው ፈለግሁ። የሲናናው ልጅ ትምህርት እንዳይቀርበት ነው፤ አንተ የምትወቀስበት ነገር የለም። ይህን ሁሉ በልቤ አዘጋጅቼ ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ ና ብዬ ለሌላ ሰው ልጆች ሁሉ ምክንያት ስሰጥ ኖሬ፣ ለእሱ ግን ከአፌ የወጣው «ድንጋዩን እይ፣ ተጎድቶ እንደሆነ» የሚል ብቻ ነበር። አየው። አልተጎዳም ነበር።

የሲናናው ልጅ መስከረም ላይ ጎባ ገባ፤ ከልጄ ጋር አንድ ክፍል ተመደቡ። ሁለቱ በአንድ ቡድን ቢጫወቱ የሚያሸንፋቸው አልነበረም፤ አስተማሪው ይህን እያለ ሲቆጭ ኖሯል። ነገር ግን የክፍሉ ልጆች ለሲናናው ልጅ «ባንዲራ» የሚል ቅጽል ስም አወጡለት። ኳስ በያዘ ቁጥር ሁሉም ቀጥ ብለው ቆመው በአፋቸው ጡሩምባ ይነፉበታል። እሱም ከጥቂት ቀን በኋላ ተወው። ተምሮ ጨረሰ፣ ሥራ ያዘ፤ ይኸውና የፈረድኩለት ይህ ነው፣ አልጸጸትም። ያው ቀን ቢመለስ እጄን እንደዚያው አነሣለሁ። ልጄን ግን ማታውኑ ቁጭ አድርጌ አናግረዋለሁ።

ሻምበሉ የከፈለው ነገር ካለ አላውቅም። የቀረነው የከፈልነው ሲደመር ይህን ያህል ነው፤ አንድ የቆዳ ኳስ፣ አንድ ሜዳ፣ አንድ ፊሽካ፣ ሁለት ተጫዋች።